መስቀለኛ ቃላትን ቶሎ ለመሙላት ለሚሹ ጠያቂ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በአንዱ ነው። ለብዙ ዓመታት በሒሳብ ሠራተኝነት ካገለገልኩ በኋላ ጡረታ ወጥቻለሁ። እሑድ እሑድ የሕንፃችን ነዋሪዎች ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ከጋዜጣ ላይ የተወሰደ መስቀለኛ ቃላት በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ይታደለንና ሁላችንም እኩል ጀምረን እንሞላለን። ጎረቤቴ የሆኑት የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር ቶናው ሳይቀዳ ይጨርሳሉ። እኔ ግን በረካው ተጠጥቶ ሲኒው ሲታጠብ ገና ግማሹ ላይ ነኝ። ቃላቱን አላውቃቸውም እንዳልል፣ መልሱ ሲነበብ አብዛኛውን አውቀዋለሁ። ባለፈው እሑድ ‹የጥንት የጦር ማዕረግ› በሚል ባለ አምስት ሳጥን ፍንጭ ላይ ተተክዬ ቀረሁ፤ አራት ማዕረግ መጣልኝና አንዱን መምረጥ አቃተኝ። ዕድሜዬ ይሆን? ልጄ ስልኬ ላይ የእንግሊዝኛ መስቀለኛ ቃላት ጭናልኛለች፤ እሱስ ይጠቅመኛል? መዝገበ ቃላት ማየትስ እንደ ማጭበርበር ይቆጠራል? ከጎረቤቴ እኩል መድረስ እፈልጋለሁ።»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብኩት «መልሱ ሲነበብ አብዛኛውን አውቀዋለሁ» ያሉትን ነው፤ ችግርዎ የቱ ጋ እንዳለ የሚናገረው እሱ ነውና። የማያውቁትን ቃል በፍጥነት ለመሙላት የሚያስችል ዘዴ የለም። የሚያውቁትን ቃል ዘግይተው የሚያገኙት ከሆነ ግን የጎደለዎት ዕውቀት ሳይሆን ዕውቀትዎን ቶሎ መጥራት ነው፤ ይህ ደግሞ በልምምድ የሚስተካከል ነገር ነው። ጎረቤትዎ የሚቀድሙዎት እጃቸው ስለሚፈጥን አይደለም። ፊደል በመጻፍ በኩል በሁለታችሁ መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር የሚገባ አይሆንም። ጊዜዎን የሚበላው መቆም ነው፤ እርሳስዎን ይዘው፣ አንድ ፍንጭ ላይ ዓይንዎን ተክለው፣ የቀሩት ፍንጮች እየጠበቁዎት ዝም ብለው የሚያሳልፉት ደቂቃ ነው።

ይህንን በራስዎ ለማረጋገጥ በመጪው እሑድ ለመቅደም አይሞክሩ። እንደ ወትሮው ይሙሉ፤ ነገር ግን ፍንጩን ሁለት ጊዜ አንብበው መልሱ ሳይመጣልዎ ሦስተኛ ጊዜ ማንበብ በጀመሩ ቁጥር ከፍንጩ አጠገብ አንዲት ነጥብ ያድርጉ። ሲጨርሱ ነጥቦቹን ይመልከቱ። በአንዳንዱ ፍንጭ አጠገብ ነጥቦች ተደርድረው፣ በሌላው አጠገብ ምንም ሳይኖር ያገኙታል። ነጥብ የበዛባቸውን ፍንጮች ደግሞ በመጨረሻ እንዴት እንደመለሷቸው ያስታውሱ፤ አብዛኞቹ የተመለሱት በማፍጠጥ ሳይሆን ከሌላ ቃል አንድ ፊደል ስለመጣላቸው መሆኑን ያስተውላሉ። የሒሳብ ሰው ስለሆኑ ይህን ምዝገባ በቀላሉ እንደሚያደርጉት አምናለሁ።

እንግዲህ ከሁሉ በፊት የምመክርዎ ይህ ነው፦ ሁለት ጊዜ አንብበው ያልመጣልዎትን ፍንጭ ያለ ጸጸት ትተውት ይሂዱ፤ ሲመለሱ ግን ባዶ እጅዎን አይመለሱ። ወደ ተተወው ፍንጭ መመለስ ያለብዎት ቢያንስ አንድ ሳጥኑ በተሻጋሪ ቃል፣ ማለትም በዚያ ሳጥን ላይ አቋርጦ በሚያልፍ ቃል፣ ሲሞላ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ግማሽ ይፈጽማል፣ ሁለተኛውን ግን ይዘነጋል፤ ፍንጩን ትቶ ሄዶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምንም አዲስ ነገር ሳይጨምር ተመልሶ ያፈጥበታል። ይህ መመላለስ ብቻ ነው።

የተሻጋሪው ፊደል ኃይል በአማርኛ የተለየ መሆኑን ልብ ይበሉ። በእንግሊዝኛ አንድ ሳጥን የሚይዘው ከ26 ፊደላት አንዱን ነው። በእኛ ግን 33ቱ ፊደላት እያንዳንዳቸው ሰባት ዓይነት ቅርጽ (ለ ግዕዝ፣ ሉ ካዕብ፣ ሊ ሣልስ፣ ላ ራብዕ፣ ሌ ኃምስ፣ ል ሳድስ፣ ሎ ሳብዕ) ስላላቸው፣ እንደ ሏ ያሉትን ዲቃላዎች ሳንቆጥር እንኳ አንድ ሳጥን ከ231 ፊደላት አንዱን ይይዛል። ስለዚህ አንድ ፊደል በእርግጠኝነት ሲገኝ ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ጊዜ ይነግርዎታል፤ በሌላ አነጋገር የቃሉን አንድ ድምፅ ሙሉ በሙሉ ይሰጥዎታል። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ምላስ ጫፍ ላይ ደርሶ እምቢ ያለ ቃል የመጀመሪያው የድምፅ ክፍሉ ሲነገር ብዙ ጊዜ ብቅ እንደሚል አሳይተዋል። የአማርኛ መስቀለኛ ቃላት የመጀመሪያ ሳጥን የሚሰጥዎት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የቃሉ መነሻ ሳጥን ላይ የሚያልፈውን ቃል አስቀድሞ መፈለግ መካከሉ ወይም መጨረሻው ላይ የሚያልፈውን ከመፈለግ ይሻላል፤ ፊደሉ ሲገኝም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይጥሩት። ጎረቤት ቢሰማም ቅር የሚለው የለም።

አሁን ወደ ጦር ማዕረጉ እንምጣ፤ ባለፈው እሑድ ያስቆመዎት ፍንጭ ነገሩን ለማሳየት እጅግ የሚመች ሆኖ አግኝቼዋለሁና። የመጡልዎትን አራት ማዕረጎች አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን አምስት ሳጥን የሚሞሉት ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች እና ፊታውራሪ እንደሚሆኑ እገምታለሁ። ራስ ሁለት ሳጥን ብቻ ነው፤ ባላምባራስ ስድስት ነው። እርስዎ አራቱን ፊት ለፊት አስቀምጠው «የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁ፤ ፍንጩ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አልያዘም፤ አራቱንም እኩል ይገልጻልና። እዚያ ላይ የቆዩበት ጊዜ ሁሉ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ላይ ያለፈ ነው። መጠየቅ የነበረብዎ «አራቱ በምን ይመሳሰላሉ?» ብለው ነው። ቢያስተያዩዋቸው ኖሮ ሁለተኛው ሳጥን በአራቱም ራብዕ መሆኑን ያዩ ነበር፤ ጃ፣ ኛ፣ ራ፣ ታ። ሦስተኛው በአራቱም ሳድስ ነው፣ አራተኛው ደግሞ በአራቱም ራብዕ። አንድም ፊደል ሳይጽፉ በእነዚህ ሦስት ሳጥኖች ላይ ቁልቁል ስለሚያልፉት ቃላት ይህን ያህል ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አራተኛውን ሳጥን ይመልከቱ፤ በሦስቱ ማ፣ በፊታውራሪ ብቻ ራ ነው። ከዚያ ሳጥን የሚጀምረው የቁልቁል ፍንጭ «ከቀፎ የሚገኝ» ቢል፣ ባለ ሁለት ሳጥን ከሆነ ማር ነው፤ ፊታውራሪ ወደቀ። አሁን የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ «ዝማች»ን በሦስቱ ሳጥኖች ውስጥ በድፍረት ይጻፉ። ሦስት ሳጥን ተሞላ፣ በሦስተኛውና በአምስተኛው ሳጥን ላይ የሚያልፉት የቁልቁል ቃላትም እያንዳንዳቸው አንድ ፊደል አገኙ። የቀሩት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳጥኖች ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቁልቁል የሚወርደው ፍንጭ «ከወረዳ በታች ያለ የአስተዳደር እርከን» የሚል ቢሆን ቀበሌ ይሆናል፣ ማዕረጉም ቀኛዝማች መሆኑ ይታወቃል። ይህ ሁሉ በንግግር ረዘመ እንጂ ሲለመድ ጥቂት ሰኮንዶች ይበቁታል። ጎረቤትዎም ይህንኑ የሚያደርጉ ይመስለኛል፤ ምናልባት እያደረጉት መሆኑን ራሳቸውም አያስተውሉት ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ፍንጩ የተጻፈበትን የቃል ቅርጽ ማንበብን ይልመዱ፤ በእኔ እምነት ለአማርኛ ተጫዋች ከሁሉ የሚበልጠው ሀብት ይህ ነው፤ ብዙዎች ግን ሳይጠቀሙበት ያልፋሉ። በደንብ የተዘጋጀ ፍንጭና መልሱ በቅርጽ አንድ ናቸው፤ አንዱ ባለበት ቦታ ሌላው መግባት መቻል አለበት። «ተመገበ» ቢል በላ፣ «ተመገቡ» ቢል በሉ፣ «መመገብ» ቢል መብላት፣ «ተመግቦ» ቢል በልቶ ነው። መልሱን ጨርሶ ሳያውቁ እንኳ ስለ መጨረሻው ሳጥን ብዙ ማለት ይቻላል። ፍንጩ በሩቅ ወንድ የተነገረ ኃላፊ ግሥ ከሆነ የመልሱ መጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ግዕዝ ነው፤ ሄደ፣ ሰበረ፣ ጻፈ። አንዳንዱ በራብዕ ያልቃል፤ መጣ፣ ሰማ፣ ገባ። በሴት የተነገረ ከሆነ መጨረሻው ች መሆኑን ወዲያው መጻፍ ይችላሉ፤ በብዙ ከሆነ ካዕብ ነው። «መመገብ» ዓይነት ንዑስ አንቀጽ ከሆነ መነሻው መ ወይም ማ፣ መድረሻው ሳድስ ነው። «ተመግቦ» ዓይነት ፍንጭ መልሱ በሳብዕ ያልቃል። አድራጊውን የሚጠይቅ ከሆነ ጸሐፊና ሰባሪ እንደሚሉት በሣልስ፣ ወይም ከፋይ፣ ሻጭ፣ ለማኝ፣ ወሳጅ እንደሚሉት በ‹ይ›፣ በ‹ጭ›፣ በ‹ኝ›፣ በ‹ጅ› ያልቃል። የብዙ ቁጥር ስም በሳብዕ ላይ ች ይጨምራል፤ ቤቶች፣ ልጆች። ፍንጩ የቤተ ክህነት ወይም የትምህርት ቤት ቃና ካለው ግን የግዕዙን ብዙ ቁጥር ያስቡ፤ ካህናት፣ መምህራን፣ ሕፃናት።

የጦር ማዕረጉን መለስ ብለው በዚህ ዓይን ይዩት። ከአምስተኛው ሳጥን ላይ የሚያልቅ አንድ የቁልቁል ቃል ኖሮ ፍንጩ «ምግብ አሰናዳች» የሚል ቢሆን፣ ቃሉ «ሠራች» ይሁን ሌላ ሳይገድዎት ያ ሳጥን ች መሆኑን በዚያች ቅጽበት ያውቃሉ። ፊታውራሪ በዚያው ይወድቃል። አንድ የቁልቁል ፍንጭ ሳይመለስ የአግድሙን አጣርቶልዎታል ማለት ነው።

ከቅርጽ ጋር የተያያዘ አንድ ሌላ ነገር አለ። አንድ ቃል በእርግጠኝነት ሞልተው ተሻጋሪው ሲቃወመው ብዙ ሰው ሁሉንም ለመደምሰስ ይቸኩላል። አይቸኩሉ፤ መጀመሪያ ግጭቱ ምን ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ። ተሻጋሪው የሚፈልገው ፊደል እርስዎ ከጻፉት ጋር ከአንድ ቤተሰብ ከሆነ፣ ለምሳሌ እርስዎ ሮ ጽፈው እሱ ሪ ወይም ር ቢሻ፣ ቃልዎ ትክክል ሆኖ ቅርጹ ብቻ የተሳሳተ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ «ሰብሮ» ያሉት «ሰባሪ» ነበር ማለት ነው። ፍንጩን በዚህ ዓይን እንደገና ማንበብ ይበቃል። ተሻጋሪው ፈጽሞ የማይገናኝ ፊደል ከፈለገ ግን ከሁለቱ ቃላት አንዱ ከመሠረቱ ስህተት ነው፤ ያኔ ብዙ ተሻጋሪ የተስማማለትን ያቆዩና ብቸኛውን ይደምስሱ። ለዚህ ሁሉ እርሳስና ላጲስ ያስፈልጋል፤ በእስክሪብቶ የሚሞላ ሰው መሳሳትን ስለሚፈራ መጻፍን ያዘገያል።

ስለ ሞክሼ ፊደላት ሳልናገር አላልፍም፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። አንዱ አዘጋጅ ፀሐይ ሲል ሌላው ጸሀይ ይላል፤ ዓለምን በ‹አ› የሚጽፍም አለ። ሁለት ቃላት በሚሻገሩበት ሳጥን ላይ አንዱ ሠን ሌላው ሰን ቢፈልጉ ይህ ስህተት አይደለም፤ ቆመው የሚከራከሩበት ምክንያትም የለም። አንዱን ጽፈው ይለፉ። እንዲያውም የቡና ማኅበራችሁ በዚህ ላይ አስቀድሞ ቢስማማ መልካም ነው፤ በሞክሼ ፊደል ምክንያት የሚነሳ ክርክር ከጨዋታው ጊዜ ብዙ ይወስዳል፤ ድምፁ አንድ እስከሆነ ድረስ ማንኛውም አጻጻፍ እንደ ትክክል ይቆጠር።

በሰንጠረዡ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዙም ልጠይቅዎ ይገባኛል። ብዙ ሰው አግድሙን ከአንድ ቁጥር እስከ መጨረሻው ይወርድና ከዚያ ቁልቁሉን ይጀምራል። ይህ አካሄድ ሥርዓት ያለው ቢመስልም የአግድሙን ፍንጮች በሙሉ ያለ አንዳች ተሻጋሪ ፊደል እንዲመልሱ ስለሚያስገድድዎ ከሁሉ አስቸጋሪው መንገድ ነው። ከዚያ ይልቅ እርግጠኛ የሆኑበትን አንድ ቃል ይፈልጉ፤ የትም ይሁን። እሱን ሞልተው በፊደሎቹ ላይ የሚያልፉትን ቃላት ብቻ ይሞክሩ፤ ከእነሱ ከተገኘው ደግሞ ወደ ጎን ይስፉ። አንድ ጥግ ሲቆለፍ ሌላ እርግጠኛ ቃል ፈልገው ከሌላ ጥግ ይጀምሩ። ባዶ ክፍት ሜዳ ላይ ያለ ቃል የሚጠብቅዎ አይኑር፤ ሁልጊዜ ከተሞላው ዳር ይሥሩ። እጅዎ አንዱን መልስ እየጻፈ ዓይንዎ የሚቀጥለውን ፍንጭ ቢያነብ ደግሞ የበለጠ ያተርፋሉ፤ በአሜሪካ ዊል ሾርትዝ ካቋቋመው ከ1978 ጀምሮ በሚካሄደው የመስቀለኛ ቃላት ውድድር ላይ የሚቀርቡ ፈጣን ተወዳዳሪዎች የሚያደርጉት አንዱ ነገር ይህ ነው። በዚያ ውድድር ነጥብ የሚሰጠው ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለትክክለኛነትም ነው። እናንተም ቡና ላይ ቶሎ ለጨረሰ ብቻ ሳይሆን ሳይሳሳት ለጨረሰ ሰው ዋጋ ብትሰጡ ውድድሩ የተሻለ ይሆናል።

አጫጭር ቃላትን ስለማጠራቀም ብዙ አልልም፤ ጠቃሚነቱ ግልጽ ነው። ሁለትና ሦስት ሳጥን የሚሞሉ ቃላት በሰንጠረዥ ሁሉ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ። ከዋና ከተሞች የቶጎ ሎሜ፣ የፔሩ ሊማ፣ የኳታር ዶሃ፣ የአዘርባጃን ባኩ፣ የላትቪያ ሪጋ፣ የጋና አክራ፤ ከሐይቆቻችን ጣና፣ ሻላ፣ ጫሞ፣ አባያ፤ ከወንዞች ባሮ፣ ኦሞ፣ አዋሽ፣ ጊቤ፣ ተከዜ። ሁለት ስም ያላቸውን ከተሞች ከነሁለቱ ስሞቻቸው ይያዙ፤ ደብረ ዘይትና ቢሾፍቱ፣ ናዝሬትና አዳማ፣ ዝዋይና ባቱ፤ ፍንጩ አንዱን ስም ሰጥቶ ሌላውን ይጠይቃልና። ተራሮችንም ችላ አይበሉ፤ የባሌ ተራሮች ከፍተኛ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር የሚደርሰው፣ እርስዎ የሚኖሩበትን ሰፈር ስም የያዘው ቱሉ ዲምቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጎረቤትዎ ከሙያቸው የተነሣ እንደሚቀድሙዎት አይጠራጠሩ። ነገር ግን እርስዎም የራስዎ ርስት አለዎት። ገንዘብና መስፈሪያ በመስቀለኛ ቃላት ውስጥ ከከተማ ባልተናነሰ ይመጣሉ፤ የጃፓን የን፣ የጋና ሴዲ፣ የናይጄሪያ ናይራ፣ የደቡብ አፍሪካ ራንድ፤ ከእኛም ቁና፣ እንቅብ፣ ፈረሱላ፣ ወቄት፣ ክንድ፣ ስንዝር፣ ጋሻ። ሰንጠረዡ እንደተሰጠዎ መጀመሪያ የሚጀምሩበትን እርግጠኛ ቃል በእነዚህ ዙሪያ ይፈልጉ። መምህሩ ከሚጀምሩበት መጀመር የለብዎትም።

ስለ ዕድሜ የጠየቁኝን በቅንነት ልመልስ። የቃላት ዕውቀት ከዕድሜ ጋር የሚዳብርና ለረጅም ጊዜ የሚጸና ነው፤ በዚህ ረገድ ከወጣት ይልቅ የጎልማሳ ሀብት ይበልጣል። በዕድሜ የሚዘገየው የማሰብ ፍጥነት ነው፤ የሚያውቁት ስም ምላስ ላይ ደርሶ አልወጣም ማለቱም ይበረታል፣ በተለይ የሰውና የቦታ ስም ሲሆን። ስለዚህ የሚሰማዎት ነገር እውነት ነው፤ ነገር ግን ጎረቤትዎም እንደ እርስዎ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በመካከላችሁ ያለውን ልዩነት ዕድሜ ሊያስረዳው አይችልም። አፍዎ ላይ ደርሶ እምቢ ላለ ቃል መድኃኒቱ ቀደም ብዬ የገለጽኩት ነው፦ ማስጨነቅን ትቶ የመጀመሪያ ፊደሉን ይዞ መመለስ። ይሁንና በዕለት ተዕለት ኑሮ የሚያሳስብ መርሳት ካለ፣ ለምሳሌ የለመዱት መንገድ ከጠፋብዎ ወይም የሰጡትን ገንዘብ መስጠትዎን ከረሱ፣ ያ ከመስቀለኛ ቃላት ጋር አይገናኝምና ሐኪም ያማክሩ።

ልጅዎ ስልክዎ ላይ የጫነችልዎትን የእንግሊዝኛ ጨዋታ በተመለከተ፣ እንግሊዝኛዎን ለማደስ ከፈለጉ ይጫወቱት፤ ለአማርኛው ፍጥነት ግን የሚሰጠው ውስን ነው። ይህ ዓይነት ጨዋታ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 1913 አርተር ዊን የተባለ በሊቨርፑል የተወለደ ጋዜጠኛ ኒው ዮርክ ወርልድ በተባለ ጋዜጣ ላይ ባወጣው የአልማዝ ቅርጽ ባለው ሰንጠረዥ ነው፤ ከዚያ ወዲህም በእንግሊዝኛ ብዙ ልማዶችን አዳብሯል። በኒው ዮርክ ታይምስ የሚወጣው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየከበደ ይሄዳል፤ የእሑዱ ሰንጠረዥ በመጠን ይሰፋል እንጂ ከቅዳሜው አይከብድም። ከባዕድ ቋንቋ መጀመር ካለብዎ ከሰኞው ይጀምሩ፤ ቅዳሜውን ሞክረው ተስፋ እንዳይቆርጡ። ከእሱ የሚማሩት አንድ ጥሩ ልማድ ፍንጭና መልስ በቅርጽ መስማማት እንዳለባቸው በጥብቅ መያዛቸው ነው። ካዕብና ሣልስን ግን አያስተምርዎትም፤ የእርስዎ ፍጥነት ደግሞ ያለው እዚያ ነው።

ልምምድዎን እንዲህ ያድርጉት። ቡና ላይ ከምትሞሉት ሌላ በሳምንቱ መካከል ከዚያው ጋዜጣ አንድ ሁለት የቆዩ ሰንጠረዦችን ለብቻዎ ይሙሉ፤ በየቦታው ከመዝለል ይልቅ በአንድ አዘጋጅ ላይ መቆየት የሰውየውን ልማድ ያሳውቅዎታል፤ የትኞቹን ወንዞች እንደሚወድ፣ ፀሐይን በየትኛው ጸ እንደሚጽፍ፣ «ሲገለበጥ» እያለ ቃሉን ወደ ኋላ ማስጻፍ ይወድ እንደሆነ። ሰዓት አይያዙ። ሲጨርሱ ያልመለሷቸውን ፍንጮች ከነመልሳቸው በአንድ ደብተር ይጻፉ፤ በሒሳብ መዝገብ እንደለመዱት በሁለት ዓምድ ቢያደርጉት፣ በአንደኛው ፈጽሞ የማያውቋቸውን፣ በሁለተኛው እያወቁ ያልመጡልዎትን። የመጀመሪያውን ዓምድ ያጥኑት። ሁለተኛውን ማጥናት አያስፈልግም፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ግን በመጨረሻ የትኛው ሳጥን እንደፈታው ይጻፉ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሁለተኛው ዓምድ የትኛው ቦታ ላይ ያለ ፊደል እርስዎን ቶሎ እንደሚያነቃዎት ይነግርዎታል፤ አንዳንዱ ሰው በመነሻ ፊደል፣ አንዳንዱ በመድረሻ ይነቃል። ወደ መሃል ከተማ ሲወጡ ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ ደግሞ ወረቀትም እርሳስም አያስፈልግዎትም፤ ፍንጮቹን ብቻ አንብበው «ይህ በምን ያልቃል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን አይፈልጉ፤ መጨረሻ ፊደሉን ብቻ ይገምቱ። ቅርጽ የማንበብ ልማድ በዚህ ይጠነክራል።

መዝገበ ቃላት ስለማየት፦ በውድድሩ ሰዓት ሁላችሁም ካልተስማማችሁበት አይገባም፤ ከውድድሩ ውጭ ግን ማጭበርበር ሊባል አይችልም፣ እንዲያውም ሳይመለከቱ ቃሉን ማለፍ ነው ጥፋቱ። ብቻዎን ሲሞሉ መጀመሪያ ተሻጋሪዎቹን ሁሉ ይሞክሩ፣ ከዚያ ያቆመዎትን አንዱን ብቻ ይመልከቱና ወደ ሰንጠረዡ ይመለሱ፤ አንድ ቃል ሲገኝ ሌሎች ሦስት አራት ቃላትን ይዞ ሊመጣ ይችላልና ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይመልከቱ። ጎረቤትዎንም ይጠይቋቸው። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ «ይህንን ጥግ ከየትኛው ቃል ነው የጀመሩት?» ቢሏቸው፣ መምህር የነበሩ ሰው ናቸውና ሳይሰስቱ ያስረዱዎታል።